ማስታወቂያው ማንን ይፈልጋል?

ቦታው በአማራ ክልል የሚገኝ አንድ ከተማ ነው። ባለሙያዋ በማዘጋጃ ቤቱ የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ትሠራለች፤ የከተማው አስተዳደር ማስታወቂያዎች ከጋዜጣ ወጥተው በድረ ገጽ ብቻ እንዲነገሩ የሚያደርግ ረቂቅ መመሪያ አዘጋጅታለች። ጠበቃው በፍትሐ ብሔር ክርክር ረጅም ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ረቂቁን አስቀድማ ልካላቸው፣ አሁን ቢሯቸው ተቀምጠው ይነጋገራሉ።

ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ የሕግ አስተያየትዎን ልሰማ ነው የመጣሁት። ሐሳቡ ራሱ ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። ከተማችን ጨረታውን፣ ሐራጁን፣ የጠፋ ካርታውን፣ ለልማት የሚነሣውን ይዞታ ሁሉ በጋዜጣ ያስነግራል። የክልሉ ጋዜጣ በኩር የምትወጣው ሰኞ ሰኞ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ባሕር ዳር ደርሶ፣ ተራ ይዞ እስኪታተም ስንት ቀን ይሄዳል? በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ይከፈላል፤ ግዥው አነስተኛ ሲሆን የማስታወቂያው ክፍያ ራሱ ያሳስባል። በድረ ገጽ ግን በዚያው ዕለት ይወጣል፤ ደሴ ያለውም ዱባይ ያለውም እኩል ያየዋል።

ጠበቃው፦ በጥሞና አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ደክመሽበታል። ነገር ግን ማስታወቂያ የተባለውን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከተሽዋል። እኔ ሥራዬ ከእነዚህ ወረቀቶች ጋር ስለሆነ ልዩነታቸው ይታየኛል። የጨረታ ማስታወቂያ ፈላጊ አለው። ተቋራጩ፣ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢው፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው በየሳምንቱ ያስሰዋል። በጋዜጣ ቢወጣ ጋዜጣ ገዝቶ፣ በስልክ ቢወጣ ስልኩን ከፍቶ ያገኘዋል፤ እንጀራው ነዋ። አባቷ የሞቱባት፣ ወንድሟ «ብቸኛ ወራሽ ነኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የቀረበባት ሴት ግን ስለ እሷ ማስታወቂያ መውጣቱን በምን ታውቃለች? እሷ አትፈልገውም። እሷን መፈለግ ያለበት ማስታወቂያው ነው።

ባለሙያዋ፦ እንግዲያው በጨረታው እንስማማለን ማለት ነው?

ጠበቃው፦ በጨረታው ዛሬውኑ እንስማማለን። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 የጨረታ ጥሪ በጋዜጣ እንዲወጣ ያዝዝ ነበር፤ ክልሎችም በየራሳቸው ሕግ ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። አሁን አዋጅ ቁጥር 1333/2016 በቦታው ተተክቷል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ግዥያቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እያስገቡ ነው። አቅራቢው ይመዘገባል፣ ሰነዱን ከዚያው ያወርዳል፣ ዋጋውንም በዚያው ያስገባል። የጨረታ ሰነድ ለመግዛት ብሎ ከጎንደር አዲስ አበባ መመላለስ የቀረለት ሰው አለ። ሰነድ ሊገዛ የሄደውን ተወዳዳሪ «ሰነዱ አልቋል» ብሎ የሚመልሰው ሠራተኛም ሥልጣኑን ያጣል። ስለዚህ በዚህ በኩል ያቀረብሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ ጊዜ አናጥፋበት።

ባለሙያዋ፦ እሺ፣ ወደ ሁለተኛው ዐይነት እንሂድ። ጋዜጣው ያቺን ሴት ይፈልጋታል ነው የሚሉኝ? ጋሼ፣ በእውነት እንነጋገር። በዚህ ከተማ ጋዜጣ የሚነበበው የት ነው? በመሥሪያ ቤት ነው። ገጠር ቀበሌ የምትኖር እናት የበኩርን የማስታወቂያ ገጽ ገልጣ አታውቅም፤ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። ፍርድ ቤቱ «በጋዜጣ ይውጣ» ብሎ ያዝዛል፣ ባለጉዳዩ ከፍሎ ያሳትማል፣ ገጹን ቆርጦ ከመዝገቡ ጋር ያያይዛል። በቃ፤ ሥርዓቱ ተፈጸመ ይባላል። ማን አነበበው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጠበቃው፦ ይህን ሐቅ አልክድሽም። እንዲያውም እኔ ራሴ ልጨምርልሽ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 105 ተከሳሽን በተለመደው መንገድ ማግኘት ሳይቻል ሲቀር መጥሪያው በሌላ ዘዴ እንዲደርሰው ይፈቅዳል፤ በጋዜጣ ማውጣት ከዘዴዎቹ አንዱ ነው። የመጨረሻ አማራጭ እንዲሆን የታሰበው ነገር በተግባር ቶሎ የሚኬድበት አቋራጭ ሆኗል። ከሳሽ «አድራሻውን አላውቅም» ካለ፣ ተከሳሹ ሁለት መንደር አልፎ ቢኖርም፣ በጋዜጣ ተጠርቶ አልቀረበም ተብሎ በሌለበት ይፈረድበታል። ይህ በአገራችን ብቻ የታየ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1950 ሙሌን በሚባለው ጉዳይ ውሳኔ ሲሰጥ፣ አድራሻቸው የሚታወቅ ሰዎችን በጋዜጣ ማስታወቂያ ብቻ መጥራት ሕገ መንግሥቱ ከሚጠይቀው በታች ነው ብሏል። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በጋዜጣ የኋላ ገጽ በደቃቃ ፊደል የወጣ ማስታወቂያ በዚያው አካባቢ የሚኖርን ሰው እንኳ ዐይን የሚያገኘው በአጋጣሚ ብቻ መሆኑን ጽፈዋል። ታዲያ ሰውየውን ለማግኘት ከሆነ ጋዜጣው ደካማ መሆኑን አውቃለሁ።

ባለሙያዋ፦ ደካማ ከሆነ ለምን እንጠብቀው?

ጠበቃው፦ ሌላ የሚሰጠን ነገር ስላለ። ማስረጃ ይሰጠናል። አንድ ነገር በዚህ ቀን፣ በዚህ ቃል ተነግሯል ብሎ የሚመሰክር፣ ከነገረው መሥሪያ ቤት እጅ የወጣ ነገር ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል። ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ብትሄጂ፣ ወመዘክርም ብትሄጂ፣ የድሮ ቅጾቹ ተጠርዘው ታገኛቸዋለሽ። በንጉሡ ጊዜ የወጣ የፍርድ ቤት ጥሪ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ገጹን ጠቅሼ ለችሎት ማቅረብ እችላለሁ። ማስታወቂያውን ያወጣው ሹም ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ስንት ጊዜ ለውጧል፤ ወረቀቱ ግን አለ። ማንም ሌሊት ገብቶ በየቤቱ ያለውን ቅጂ ሁሉ ሊያርም አይችልም። አሁን ድረ ገጽሽን አስቢው። ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ባለሙያዋ፦ በኛ ክፍል እጅ ነው።

ጠበቃው፦ አንቺን አምናለሁ። ነገ አንቺ ተዛውረሽ ሌላ ሰው ቢመጣስ? የአንድን ሰው ይዞታ ሊያነሣ የተነሣ ኃላፊ ትናንት ያልወጣ ማስታወቂያ ከሃያ ቀን በፊት የወጣ አስመስለህ አስገባው ቢለውስ? ወይም ጠዋት ለጥፎ፣ ማታ አንሥቶ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን መልሶ ቢለጥፈው፣ ሳይነሣ እንደ ቆየ ማን ይመሰክራል? ክርክሩ ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ እኔ ሲመጣ ከድረ ገጹ ላይ የማገኘው የዚያን ቀን ገጽ አይደለም፤ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው እንዲታይ የፈቀደው ነው። ሌላም አለ። ከንቲባ ሲለወጥ ድረ ገጽ አብሮ ሲለወጥ አይተናል። የስም ኪራዩ ሳይከፈል ቀርቶ የማይከፈት፣ አዲስ ተሠርቶ የድሮው ጽሑፍ ሁሉ የጠፋበት የመንግሥት ድረ ገጽ ጥቂት አይደለም።

ባለሙያዋ፦ ይህ እውነት ነው፤ በሙያዬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። ግን ጋሼ፣ ከመሥሪያ ቤቱ እጅ የወጣ ነው ሲሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። በአሜሪካ ክርክሩ ሲነሣ ጋዜጣው የግል ነው፤ መንግሥትን ከውጭ ሆኖ የሚመለከት ዐይን ነው ይባላል። በኛ አገር በኩር የክልሉ መንግሥት ሚዲያ ናት፣ አዲስ ዘመን የፌዴራል መንግሥቱ ነው፣ አዲስ ልሳን የአዲስ አበባ አስተዳደር ነው። የመሬት ሊዝ ጨረታውን የሚያወጣው አስተዳደር ጋዜጣውም የራሱ ነው። ታዲያ የውጭ ዐይን የቱ ነው? ደግሞም የግል ጋዜጣ ባለበት አገር ማስታወቂያው መቅጫ ይሆናል። በኒው ዮርክ ግዛት የደላዌር አውራጃ ሹሞች እ.ኤ.አ. በ2022 በዘገባው ያስከፋቸውን የአካባቢ ጋዜጣ የመንግሥት ማስታወቂያ ነሥተውት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማስታወቂያ ለጋዜጣ ቀለብ ሲሆን ቀለቡን የያዘው ጌታ ይሆናል።

ጠበቃው፦ ጥሩ ነገር አነሣሽ፤ ከፊሉን እቀበላለሁ። የኛ ጋዜጦች ነጻ ታዛቢ ናቸው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን የመንግሥትም ቢሆን ጋዜጣው ከማዘጋጃ ቤቱ የተለየ ተቋም ነው። የዚህ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ባሕር ዳር ደውሎ ያለፈው ወር በኩር ላይ አንድ መስመር ሊያስጨምር አይችልም። ለኔ የሚበቃኝ እሱ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚያወጣውና ማስታወቂያው መውጣቱን የሚመሰክረው አንድ ሰው አይሁኑ። ይህን በድረ ገጽ ካገኘሽልኝ ስለ ወረቀቱ አልከራከርሽም።

ባለሙያዋ፦ ይገኛል። በቴክኖሎጂ በኩል የሚከብድ አይደለም። እያንዳንዱ ማስታወቂያ ሲወጣ ከጽሑፉ የሚሰላ ልዩ አሻራ አለው፤ አንዲት ፊደል ከተለወጠች አሻራው ጨርሶ ይለወጣል። ያን አሻራ በዚያው ዕለት ለከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራርና ለክልሉ መዝገብ ቤት እንልካለን። የሳምንቱ ማስታወቂያዎች ዝርዝርም ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ አንድ ቅጂ ከኛ ውጭ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ እኔም ሆንሁ ተተኪዬ ብንነካካው በሁለተኛው እጅ ያለው ያጋልጠናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቶታል፤ መሠረቱ አለ ማለት ነው።

ጠበቃው፦ ረቂቅሽ ውስጥ ግን ይህ አንድም ቦታ የለም።

ባለሙያዋ፦ የለም። እኔ ድረ ገጹን እንጂ ችሎቱን አላሰብሁም ነበር። አስገባዋለሁ።

ጠበቃው፦ አስገቢው፤ ያለ እሱ አንድም ፍርድ ቤት እንዲቀበለው አልመክርም። ሰው ይዞታውን የሚያጣበት ማስታወቂያ ስለ መውጣቱ ብቸኛው ምስክር ያወጣው መሥሪያ ቤት ከሆነ ጠበቃ ምን ይዞ ይከራከራል?

ባለሙያዋ፦ አሁን ደግሞ እኔ ስለ ድረ ገጹ ጥቅም አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ምናልባት ከኔ በቀር በዚህ መሥሪያ ቤት ያሰበበት ያለ አይመስለኝም። ድረ ገጽ ከጋዜጣ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፤ ይፈለጋል። ስምዎን ጽፈው በስምዎ የወጣ ነገር እንዳለ ያያሉ። ይህ ጥቅም ግን ዛሬ ባለው አሠራር ከንቱ ነው። ምክንያቱም ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ትጽፋለች፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ በስካነር ይነሣና ፒዲኤፍ ሆኖ ይለጠፋል። ያ ጽሑፍ አይደለም፤ ፎቶግራፍ ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ፊደል አያነብለትም። የድሮ ፋይሎቻችን ደግሞ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው፤ ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጡ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ማስታወቂያው ወጥቷል ይባላል፣ የሚፈልገው ሰው ግን አያገኘውም።

ጠበቃው፦ ይህን አላውቅም ነበር። ታዲያ በትክክለኛው ፎንት ከተጻፈ ይገኛል?

ባለሙያዋ፦ ያም አይበቃም። የኛ ፊደል አለ። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በብዙኃኑ ኃ፣ ሌላው በሃሌታው ሃ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በግዕዙ ሀ ይጽፈዋል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያየ ሰው ነው። «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ የጻፈ አለ፣ በፀሐዩ ፀ የጻፈ አለ፤ ሐውን ሀ ያደረገ አለ። «ዓለሙ» በዐይኑ ዓ ነው ወይስ በአልፋው? «ሥላሴ» በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? «ወልደ ማርያም» ተለያይቶ ነው ወይስ ተጋጥሞ? «ማሪያም» ብሎ የሚጽፍም አለ። በመታወቂያው አንድ ዐይነት፣ በካርታው ሌላ ዐይነት፣ በፍርድ ቤቱ መዝገብ ሌላ ዐይነት ሆኖ የተጻፈ ስም ያለው ሰው እልፍ ነው። የራሱን ስም በራሱ አጻጻፍ ፈልጎ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል፤ ተረጋግቶ ይተኛል። ማስታወቂያው ግን በሌላ ሀ ተጽፎ እዚያው አለ፤ ቀኑም እየሮጠ ነው።

ጠበቃው፦ ይህማ ከጋዜጣው የባሰ ነው። ጋዜጣ ያላነበበ ሰው አለማንበቡን ያውቃል። ይህኛው ግን ፈልጌ አጣሁ ብሎ አምኖ ይቀመጣል።

ባለሙያዋ፦ ለዚህ ነው መድኃኒቱን በመመሪያው ውስጥ ግዴታ ማድረግ የምፈልገው። ማኅተም ካረፈበት ቅጂ ጎን ጽሑፉ ራሱ በዩኒኮድ ይግባ። የመፈለጊያው ፕሮግራም ሀ፣ ሐ፣ ኀን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር ይሠራ። ቃል የተገጠመውንም የተለያየውንም እንዲያገኝ ይደረግ። ይህ አንድ ባለሙያ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ያልተሠራው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ድረ ገጽ ማለት መለጠፊያ ሰሌዳ ብቻ የመሰለው ሰው ስለበዛ ነው።

ጠበቃው፦ መልካም። አሁን ማስታወቂያው ሊደርሰው ወደሚገባው ሰው ልመለስ። ድረ ገጹ ታማኝ ሆነ እንበል፣ የሚፈለግም ሆነ እንበል። የማይፈልገውስ? በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልሉ ምን ላይ እንደ ነበረ ታውቂያለሽ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መቋረጡም ለወራት ዘለቀ። በዚያ ጊዜ ረቂቅሽ ሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ ብዙው ሰው ሊከፍተው በማይችል ገጽ ላይ ይወጣ ነበር። ቀነ ገደቡም ይቆጥር ነበር።

ባለሙያዋ፦ በዚያ ጊዜ ጋዜጣውስ ይደርስ ነበር ወይ? መንገድ በተዘጋበት ወረዳ ሰኞ ቀርቶ በወሩም ጋዜጣ አይገባም። ከዚያ ቀደም ብሎ በየካቲት 2015 ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ ደግሞ በነሱ ገጽ ብቻ የሚያስነግሩት መሥሪያ ቤቶች ድምፅ ለብዙ ሰው አይደርስም ነበር። እኔ ከዚያ የተማርሁት በራሳችን ገጽ እንጂ በሰው ገጽ እንዳንመካ ነው።

ጠበቃው፦ እኔ ደግሞ ጋዜጣውም መረቡም በተቋረጡበት ጊዜ ምን ሲሠራ እንደ ነበር ልብ ብዬ ነበር። የቀበሌው ሰሌዳ ይሠራ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ይሠራ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከጁምዓ በኋላ በመስጊድ፣ በገበያ ቀን በገበያው የሚነገር ነገር ሁሉ ይደርስ ነበር። ድሮም አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት የሚጎሰመው በገበያ ቀን ነበር፤ ሰው በተሰበሰበበት ማለት ነው። ረቂቅሽ «ከጋዜጣ ወደ ድረ ገጽ» ሲል እነዚህን ጨርሶ አላያቸውም። ለጨረታ አያስፈልጉም። አንድን ሰፈር ለማንሣት፣ የአንድን ሟች ንብረት ለማውረስ ግን ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ ሟቹን የሚያውቁት፣ ልጆቹንም በስም የሚቆጥሩት የእድሩ ሰዎች ናቸውና። ደግሞም አንድ ዐንቀጽ ጨምሪ፦ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ቀን ከቀነ ገደቡ አይቆጠርም።

ባለሙያዋ፦ ይህን የከተማው ምክር ቤት የሚቀበለው ይመስልዎታል?

ጠበቃው፦ ሌሎች አገሮች ከዚህ የሚበልጥ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ2022 ሕግ አውጥታ ከ2023 መባቻ ጀምሮ የአካባቢ መስተዳድሮች ማስታወቂያቸውን በአውራጃ ድረ ገጽ እንዲያወጡ ፈቅዳለች። ሕጉን ግን አንብቢው። ከ160,000 ያነሰ ሕዝብ ባለበት አውራጃ መስተዳድሩ መጀመሪያ ሕዝቡን ሰብስቦ መስማትና ነዋሪው በቂ ኢንተርኔት እንዳለው ማረጋገጥ አለበት። ድረ ገጹ ከጋዜጣው የበለጠ ወጪ ካለው አይፈቀድም። ነዋሪዎችም ስማቸውን አስመዝግበው ማስታወቂያው በፖስታ ወይም በኢሜይል እንዲደርሳቸው መጠየቅ እንደሚችሉ በየዓመቱ ሊነገራቸው ይገባል። ኢንተርኔት በየቤቱ የገባበት አገር እንኳ እንዲህ ብሎ ነው የተራመደው።

ባለሙያዋ፦ ያ የመጨረሻው ሐሳብ፣ ነዋሪን መዝግቦ ማሳወቅ፣ ወደ አንድ ነገር ይወስደናል፤ ጋዜጣው ዘላለም አይኖርምና። ኒው ጀርሲ ውስጥ ትልቁ ጋዜጣ ስታር ሌጀር እ.ኤ.አ. በ2025 የወረቀት ኅትመቱን ሲያቆም፣ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የሚያዝዘው ሕግ ራሱ መኖሪያ አጥቶ ግዛቱ ሕጉን ለመለወጥ ተገዷል። እኛም ጋር የወረቀትና የኅትመት ዋጋ እየናረ ነው፤ የግል ጋዜጦቻችን ስንቱ እንደ ቀሩ ያውቃሉ። ስለዚህ ጋዜጣው እስኪሞት ሳንጠብቅ ሰውን የሚፈልግ ሥርዓት እንሥራ ነው የምለው። ምዝገባው በስም ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የሦስት ትውልድ ስም የሚመሳሰል ሰው ብዙ ነው። በካርታ ቁጥር ግን ይሆናል። ባለይዞታው ስልኩን አንድ ጊዜ ያስመዘግባል፤ ያንን የካርታ ቁጥር የሚነካ ማንኛውም ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ጠፍቷል ተብሎ ምትክ ቢጠየቅበት፣ ባንክ ሐራጅ ቢያወጣበት፣ ለልማት ቢፈለግ፣ በዚያው ሰዓት አጭር መልእክት ይደርሰዋል። ያለ ኢንተርኔት፣ በተራ ስልክም ይደርሰዋል።

ጠበቃው፦ ይህንን ስትናገሪ ነው የረቂቅሽ ትክክለኛ ዋጋ የታየኝ። ካርታ ጠፋ የሚለው ማስታወቂያ ስንት ማጭበርበር የተፈጸመበት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ባለቤቷ ሴት ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ቤቱን እዚህ ሠርታለች፤ ካርታው በእጇ አለ። እዚህ ያለው ዘመድ ጠፍቷል ብሎ ያመለክታል፣ በጋዜጣ ይወጣል፣ ተቃዋሚ ጠፋ ተብሎ ምትክ ካርታ ይሰጠዋል፣ ይሸጠዋል። ቤይሩት በኩር አትገባም። እሷ ስትሰማ ገዢው ቤቱን አፍርሶ እየሠራ ነው። ሕጉ አይረዳትም አልልም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78 በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል፤ በቁጥር 358 ያልተከራከረ ሰው መብቱን የሚነካ ፍርድን ሊቃወም ይችላል። ግን 358 ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ነው የሚለው። በጊዜ ያልሰማ ሰው የሚመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አንዲት አጭር መልእክት በጊዜዋ ብትደርሳት ኖሮ ዓመታት የሚፈጀው ክርክር አይጀመርም ነበር።

ባለሙያዋ፦ ወራሾችንስ? ወራሽ የካርታ ቁጥር የለውም።

ጠበቃው፦ ለወራሽ እድሩና ቀበሌው ይሻላሉ ያልሁሽ ለዚህ ነው። የሟች ልጆች ዝርዝር ከቀበሌውና ከእድሩ ተጠይቆ ይምጣ፤ ውጭ ያለችውን ልጅ ስልክ ጎረቤት ያውቀዋል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር እየተስፋፋ ሲሄድ በእሱ ማገናኘት ይቻል ይሆናል፤ ግን ቁጥሩ በማስታወቂያው ላይ እንዳይወጣ። አንድ ያሳሰበኝ ነገርም ይኸው የግል ምስጢር ጉዳይ ነው። በጋዜጣ የወጣ የሐራጅ ማስታወቂያ ሳምንቱ ሲያልፍ ስኳር ይጠቀለልበታል። በድረ ገጽ የወጣ ግን፣ አንቺ እንዳልሽው፣ ይፈለጋል። በ2016 ዓ.ም. ባንክ ሐራጅ ያወጣበት ሰው ዕዳውን ከፍሎ ከጨረሰ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጁ ሥራ ስትቀጠር ስሙ ይወጣባታል።

ባለሙያዋ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ላይ ተመርኩዤ ልከልለው እችላለሁ። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ማስታወቂያው ከሕዝብ መፈለጊያ ይወጣል፤ ከመዝገብ ግን አይጠፋም። ፍርድ ቤት ሲያዝዝ፣ ባለጉዳዩ ሲጠይቅ ይወጣል። የጨረታ ማስታወቂያና ውጤቱ ግን ለዘለቄታው ክፍት ይሁን፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ጠበቃው፦ እንዲህ ከሆነ የኔ አስተያየት ይህ ነው። ጨረታውን ዛሬውኑ ከጋዜጣ አውጪው፤ ማንም አይጎዳም። የመጥሪያ፣ የወራሽነት፣ የጠፋ ካርታና የማስለቀቅ ማስታወቂያ ግን በድረ ገጽ ይጨመርላቸው እንጂ አንዱም የቆየ መንገድ አይነሣባቸው። የቀበሌው ሰሌዳ ይኑር፣ እድሩ ይነገረው፣ ጋዜጣውም አጭር መልእክቱ በእርግጥ ሰው ዘንድ ሲደርስ እስኪታይ ይቆይ። አሻራው ፍርድ ቤት ዘንድ ሳይቀመጥ የወጣ የድረ ገጽ ማስታወቂያ ቀን እንዳይቆጥር በግልጽ ጻፊ። ረቂቁን በዚህ አስተካክለሽ ካመጣሽ ምክር ቤቱ ፊት አብሬሽ ቀርቤ እደግፈዋለሁ። አሁን ባለበት መልክ ከቀረበ ግን እቃወመዋለሁ፤ ለምክር ቤቱም በጽሑፍ አስገባለሁ።